የእነ ሞሲሳ ደም

ድንቅቱ ሙለታን አምቦ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በእጇ ነው የሚያውቃት። ሌላው ጤና ረዳት ሦስት ጊዜ ወግቶ ያጣውን የደም ሥር እሷ በአውራ ጣቷ ዳበስ ዳበስ አድርጋ በአንዴ ታገኘዋለች። የምትወጋውን ሰው ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ በኦሮምኛ እየጠየቀች ታዘናጋዋለች፤ ሰውየው መልሱን ሳይጨርስ ደሙ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል። የተወለደችው ከአምቦ በስተ ምዕራብ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ጉደር ነው። አባቷ ኦቦ ሙለታ በወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ውስጥ አንድ ነገር ከተናገሩ ሁለተኛ አይጠየቁም።

በ1966 ዓ.ም. ድንቅቱ ሃያ አንድ ዓመት ሲሆናት ኡርጌ ጉዴ የሚባል የጉደር አናጢ ሽማግሌ ላከባት። ትወደው ነበር። አባቷ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው በክብር ሸኙ። ኋላ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ሙያ አለው። ግን በዚያ ቤት ወንድ ዕድሜ የለውም» አሏት።

ነገሩን ጉደር ሁሉ ያውቀዋል። የኡርጌ አባት ጉዴ በድንበር ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ነበር። ጎረቤቱ በንዴት መሬቱን በበትር እየመታ፣ «ዘርህ አይሸብት!» ብሎ ረገመው። ዓመት ሳይሞላ ጉዴ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድሙ በአርባ ሦስት ዓመቱ እንደዚሁ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የጉዴና የጎረቤቱ ቤት ሰዎች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

«አባቴ፣ እኛ እኮ በእርግማን አናምንም» አለች ድንቅቱ።

«በእርግማኑ አላምንም» አሉ ኦቦ ሙለታ። «በመቃብሮቹ ግን አምናለሁ።»

ድንቅቱ አልተከራከረችም። አዲስ አበባ ሄዳ ጤና ረዳትነት ተማረች፤ ጊንጪ አምስት ዓመት ሠራች፤ በግብርና ቢሮ ጸሐፊ የነበረውን የጎጃሙን ልጅ አሻግሬን አግብታ ሁለት ልጆች ወለደችና ወደ አምቦ ተዛወረች። ኡርጌም ሌላ ሴት አገባ፤ ልጅ ግን አልወለደም። በ1978 ዓ.ም. መላጊያውን እንደያዘ ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። አርባ ዓመቱ ነበር። ድንቅቱ እንደ ማንኛውም የአገር ሰው ቀብሩ ላይ ቆማ አለቀሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቷ ልክ እንደነበሩ ለራሷ ተናገረች፤ ልክ መሆናቸው ግን አላጽናናትም።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከአዲስ አበባ የጥናት ቡድን መጣ። በአገሪቱ በተመረጡ ከተሞች የሰዉን የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል የሚለካ፣ ለሕክምናም ምን ያህል እንደሚወጣ የሚጠይቅ ጥናት ነበር። ከምዕራብ ሸዋ አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ደረሳቸው። መሪዋ ዶክተር አመለሸጋ የምትባል፣ አጠር ያለች፣ የወንድ የእጅ ሰዓት የምታስር፣ ስትናገር የምትቸኩል ሐኪም ናት። ደም የሚቀዳ፣ ቋንቋውንም የሚያውቅ ሰው ስትጠይቅ ሁሉም ወደ ድንቅቱ ጠቆመ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሰዉ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ መምጣት ነበረበት። አንዱ ጨጨብሳውን በልቶ ይመጣና «ትንሽ ናት እኮ» ይላል። ሌላው ከእራቱ ጀምሮ ጾሞ ይመጣና ወረፋው ሳይደርሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ኮሌስትሮል ለሚለው ነገር ድንቅቱ በኦሮምኛ ስም ብታጣለት «ደም ውስጥ ያለ ቅቤ» አለችው፤ አንድ የጊንጪ ገበሬ ከት ብሎ ሳቀና «የበላነው ቅቤ እኛ ላይ አይታይ፤ የት ገባ ስል ነበር!» አላት። ከሁሉ የባሰው ወሬው ነበር። ደሙ ለጦር ሜዳ ነው የሚሄደው ተባለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሸሸጉ። ያን ጊዜ ድንቅቱ ቀበሌው አዳራሽ መሐል ወንበር አስቀምጣ የራሷን ደም አስቀዳች። «ይቺን ጠብታ ለየትኛው ወታደር ትሰጡታላችሁ?» ስትል ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ከሳቁት መካከል ሁለቱ ክንዳቸውን ሰጡ፤ ሌላውም ተከተለ።

መጠይቁ ሠላሳ አራት ጥያቄ ነበረው። የመጨረሻው «ባለፈው ዓመት ለዚህ በሽታ ሕክምና ስንት ብር አወጡ?» ይላል። ሰዉ ሁሉ «የትኛው በሽታ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃታል። ድንቅቱም ዜሮ ትጽፋለች።

ጉደር ሲደርሱ በዕጣ ከወጡት ቤቶች አንዱ የኡርጌ ታናሽ ወንድም የሞሲሳ ቤት ሆነ። ሞሲሳ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እንደ ወንድሙ አናጢ፣ እንደ ወንድሙ ቀጭን። ሚስቱ ባየሽ ወንበር ልታወጣላት ስትል እሱ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«የእኛን ደም ምን ታደርጉታላችሁ? ምን እንዳለበት አገር ያውቀዋል» አላት።

«አገር የሚያውቀው ወሬውን ነው። ደሙን ያየ ሰው የለም።»

ሞሲሳ ከበሩ ፈቀቅ አላለም።

«ኡርጌ ሲሞት፣ ለምን ሞተ ብሎ የመረመረ አለ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔም አልጠየቅኩም። ጤና ረዳት ሆኜ፣ ቀብሩ ላይ ቆሜ አልጠየቅኩም።»

ሞሲሳ ከበሩ ወጣና እጅጌውን ሰበሰበ።

ደሙን ስትቀዳ ፊቱ ቅርቧ ነበር። በዓይኖቹ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫው በኩል፣ ቢጫ የተለጠፈ የሚመስል ነገር አየች። መርፌውን አውጥታ ጥጡን ካስያዘችው በኋላ፣ «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ቆየ። ኡርጌም ነበረው እኮ። አባታችንም ነበረው ይላሉ።»

ድንቅቱ ታወሳት። ኡርጌ ዓይን ላይ ያንን ነገር አይታለች፤ ያኔ የእንጨት ብናኝ መስሏት «ፊትህን ታጠብ» ብላ ቀልዳበታለች። ባየሽ ከበስተኋላ፣ «ከተረከዙም በላይ ጅማቱ ላይ እንደ ባቄላ ያበጠ አለ፤ ጫማ አላስገባ ይለዋል» አለች። መጠይቁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ድንቅቱ ወረቀቱን አዙራ ዳሩ ላይ በቀጭን ጽሕፈት፣ «በዓይኑ ቆብ ቢጫ፣ በተረከዙ ጅማት እብጠት፤ አባትና ወንድም በአርባ ዓመት ገደማ በድንገት ሞተዋል» ብላ ጻፈች።

መልሱ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ያመጣችው ራሷ ዶክተር አመለሸጋ ነበረች። የአካባቢው ሰው የኮሌስትሮል መጠን በአማካይ መቶ ሃምሳ አይሞላም፤ የሞሲሳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ቅጾቹን የሚያጣራው ሰው «የማሽን ስህተት» ብሎ በቀይ ሰርዞት ነበር። ዶክተሯ የተሰረዙትን ስታገላብጥ ዳር ላይ ያለውን ጽሕፈት አየች።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ቦታ ስላልነበረው ነው» አለች ድንቅቱ፣ የምትቆጣት መስሏት።

«እንኳን ጻፍሽው። ቤተሰቡን በሙሉ አምጪልኝ።»

የሞሲሳ፣ የእህቱ የደብሪቱና የሁለቱ ልጆቹ ደም ሚያዝያ ላይ እንደገና ተቀዳ። ሞሲሳ አሁንም ከአራት መቶ በላይ ሆነ። የደብሪቱ ደህና ነበር፤ የትንሹ ልጅም እንደዚሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ የጥሩነሽ ግን ሦስት መቶ ሊሞላ ሁለት ቀረው። ዶክተር አመለሸጋ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ አስረዳች፤ ድንቅቱ ባየሽ ያልገባትን በኦሮምኛ ደገመችላት። ጉበት ከደም ውስጥ ቅባቱን ማንሳት ሲገባው በእነሱ ቤት በደንብ አያነሳም፤ ቅባቱ የልብን ሥሮች ከውስጥ እየደፈነ ይሄዳል፤ ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል።

«ኃጢአት አይደለም ማለት ነው?» አለች ባየሽ።

«የጥሩነሽ ዓይን ከእናቷ እንደመጣ ሁሉ ይሄም ከአባቷ መጣ። በቃ» አለች ዶክተሯ፤ ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ለሞሲሳ ሰጠችው።

ወሬው ጉደር ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ድንቅቱ የታማሚዎች ወረፋ ውስጥ ኦቦ ሆርዶፋን አየች። ጉዴን የረገመው ሰው ልጅ ናቸው፤ ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ገቡ።

«ምን ያምዎታል ኦቦ ሆርዶፋ?»

«ምንም። ያ የሞሲሳ ወረቀት አባቴን ነፃ አውጥቷል አሉኝ። አንብቢልኝ።»

«ወረቀቱ የሞሲሳ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ላነብልዎት አልችልም።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨበጡት። «አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ‹ያልኩትን መልስልኝ› አለኝ። የወጣ ቃል እንዴት ይመለሳል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ሬሳ ሲወጣ እኔ ነኝ የምሞተው። ኡርጌን ሲቀብሩ ከዛፍ ኋላ ቆሜ አየሁ። አባርሳ ነው፣ የእርግማን ዘር ነው እያሉ ልጆቼን ሰው ይሸሻቸዋል።»

ድንቅቱ የዕለቱን ሥራ ጨርሳ ሽማግሌውን ይዛ ጉደር ሄደች። ሞሲሳ ግቢው ውስጥ የበር መቃን ይልግ ነበር። ኦቦ ሆርዶፋን ሲያይ መላጊያውን አስቀመጠ። ማንም ሰላም አላለም። ድንቅቱ የመጡበትን ነገረችው። ሞሲሳ ቤት ገብቶ ወረቀቱን አመጣና ለእሷ ሳይሰጣት ራሱ ጮክ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያ አባቴ አልገደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«የእርስዎ አባት የተቆጡ ሰው ነበሩ። ደሙ ግን ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር» አለ ሞሲሳ። ቀጥሎ ለማለት የከበደውን ጨመረ፦ «እኛም ልጆችዎን በማያውቁት ነገር ጠላናቸው።»

ባየሽ ደርሳ ለኦቦ ሆርዶፋ ወንበር አቀረበችላቸውና በሳህን ጭኮ አመጣች። ዶክተሯ ቅቤ ስለከለከለች ገብሱን በኑግ ዘይት አሽታዋለች። ሽማግሌው አንዴ ጎርሰው፣ አላምጠው፣ አላምጠው፣ በግድ ዋጡና «እርግማንስ ይሄ ነው» አሉ።

ሞሲሳ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። ድንቅቱ በዚያ ግቢ ሳቅ የሰማችው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ልታስበው አልቻለችም። ወደ አምቦ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለኡርጌ ነበር፤ ቀብሩ ላይ ከሰው መሐል ሆና ያላለቀሰችውን የራሷን ለቅሶ።

በሽታው ግን ስሙ ስለታወቀ አልሄደም። ያኔ የነበረው መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ነው። የመንግሥት ፋርማሲዎች አያስመጡትም። ዶክተር አመለሸጋ ውጭ ካለች ጓደኛዋ አራት ጣሳ አስልካ ለሞሲሳ ሰጠችው። ሞሲሳ አሸዋ እንደመጠጣት ነው እያለ፣ ሆዱ እየተነፋ ጠጣው፤ ቁጥሩም ወረደ። ዱቄቱ ሲያልቅ ድንቅቱ ዋጋውን አጠያየቀች። የአንድ ወሩ የእሷን ደመወዝ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም፤ ሞሲሳ ሥራ በቀናው ወር እንኳ የዚያን ግማሽ ቢያገኝ ነው።

ሞሲሳ አምቦ ድረስ መጥቶ፣ «የቤቴን ቆርቆሮ ነቅዬ ልሸጥ ነው» አላት። «ለእኔ ባይሆን ለጥሩነሽ ይሆናል።»

«ስንት ወር ይገዛልሃል?»

አሰበና «አራት» አለ።

«ከአራት ወር በኋላስ? ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነገር ነው። ልጅቷን ክረምቱን ዝናብ ላይ አታውላት። አትሽጥ።»

ይህን ካለችው በኋላ ምናልባት በአራቱ ወር ውስጥ ሌላ መንገድ ይገኝ ይሆን እያለች ለብዙ ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። ሞሲሳ ቆርቆሮውን አልሸጠም። ቅቤውን፣ ስቡን፣ የእንቁላል አስኳሉን ተወ፤ ሲጋራም ጣለ። ዶክተሯ ርካሽ የሆነ፣ ፊትን እንደ በርበሬ የሚያቃጥል የቫይታሚን ክኒን አዘዘችለት፤ በየቀኑም አስፕሪን፤ ደረቱን ድንገት ከያዘው ደግሞ ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ክኒን።

በ1980 ዓ.ም. የጥናቱ ውጤት አምቦ ላይ በስብሰባ ቀረበ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ለጥፎ እያነበበ፣ «ለከፍተኛ ኮሌስትሮል ሕክምና በሰው የወጣ ወጪ፦ ዜሮ ብር። ስለዚህ በሽታው በኅብረተሰቡ ላይ ይህ ነው የሚባል ጫና የለውም» አለ። አዳራሹ ውስጥ የቀበሌ ሊቀ መናብርት፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ድንቅቱ ከኋላ ረድፍ እጇን አወጣች። በሕይወቷ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሰዉ ዞሮ አያት።

«ዜሮ የጻፍኩት ሰዉ ስላልታመመ አይደለም። መታመሙን ስላላወቀ ነው፤ ቢያውቅም የሚገዛው መድኃኒት ስለሌለ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ መድኃኒቱን ልግዛ ቢል ቤቱን ይጨርሳል። ከእሱ በፊት ሦስት ሰው በአርባ ዓመት ገደማ ከዚያ ቤት ወጥቷል። የእነሱ ወጪ የተጻፈው የት ነው?»

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ጥያቄው በመጠይቁ ውስጥ አልተካተተም፣ ጓድ» አለ። ዶክተር አመለሸጋ ግን ተነስታ ሰሌዳው ጋ ሄደችና ከዜሮው ጎን በእጇ «ሕክምና አልተገኘም» ብላ ጻፈች። የታተመው ሪፖርት በሚቀጥለው ዓመት ሲደርሳቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር በግርጌ፣ በትንሽ ፊደል ገብታ ነበር። ባሏ አሻግሬ ገጹን ለልጆቹ አሳያቸው። ድንቅቱ፣ «ስሜ እንኳ የለበትም» ብትለውም ሰምቶ አልሰማትም።

በ1981 ዓ.ም. ጥር ላይ ሞሲሳ ሥራ ላይ እያለ ደረቱን ጨምቆ ያዘው፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወረደ። አባቱና ወንድሙ እንዲህ ሲላቸው ምን እንዳደረጉ አይታወቅም። እሱ የተነገረውን አደረገ። እንጨቱን ጥሎ ተቀመጠ፣ ከምላስ ሥር የምትደረገውን ክኒን አደረገ፣ ሰው ጠራ። ሰሚው ኦቦ ሆርዶፋ ነበሩ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን የጭነት መኪና በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙና አምቦ አደረሱት። ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ ልቡ መጎዳቱን፣ ግን ቶሎ መድረሱን ተናገረ። አሥራ ስምንት ቀን ተኝቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ግንድ አያነሳም፤ ጣሪያ ላይ ሌላ ሰው ያወጣል፤ እሱ መሬት ሆኖ ይለካል።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ መንገዱ ተዘጋ። ወደ አዲስ አበባ ደም መላክ ቀረ፤ ክኒንም አልመጣ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሞሲሳ መኪና ቢያጣ ከጉደር ቀስ እያለ በእግሩ መጣ። ድንቅቱ ስታየው ልትቆጣው አሰበችና ተወችው። ከቀራት አስፕሪን እኩሌታውን በወረቀት ጠቀለለችለት፤ ግፊቱን ለካች።

«ደሜን አትወስጂም?»

«የምልክበት የለም። መንገዱ ሲከፈት።»

«እሺ። የትም አይሄድም» አለ።

ሰኔ ላይ አውቶቡስ ተመለሰ። የሞሲሳና የጥሩነሽ ደም በመጀመሪያው ሳምንት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሄደ፤ መልሱ በሐምሌ መጨረሻ መጣ። የጥሩነሽ ሁለት መቶ ሰባ፣ የሞሲሳ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት።

«ጥሩ ነው?» አለ ሞሲሳ፣ በወረቀቱ ላይ አጎንብሶ።

«ጥሩ አይደለም። ከአምናው ግን ይሻላል።»

ቁጥሩን አንድ ጊዜ በለሆሳስ ደገመው። ከዚያ ዝናቡ ሳይመጣ የሚሰቅለው በር እንዳለው ነግሯት፣ ወረቀቱን እሷው ዘንድ ትቶ ወጣ።